በአሮጌ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ያለውን መኪና እንዴት እንለያለን? ዝርዝር መመሪያ

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ አቃቂ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉ የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ ውስጥ አንድ ዓይነት ፎቶ አይጠፋም። አንድ ሰው ክርኑን ኮፈን ላይ አስደግፎ፣ ወይም አንድ እግሩን ፓራውልት ላይ አሳርፎ የተነሳው። ሰውየውን ቤተሰቡ ያውቀዋል። ጊዜውን ሲጠየቅ ግን መልሱ «ጃንሆይ እያሉ ነው» ወይም «ደርግ እንደገባ ሰሞን» ከማለት አያልፍም። መኪናው ይህን ግምት ወደ ጥቂት ዓመታት ሊያጠበው ይችላል። አንዳንዴም ቤቱ ውስጥ ለዓመታት ሲነገር የኖረውን ዓመት ውድቅ ያደርገዋል።

ከመነሻው አንድ ነገር ይያዝ። መኪናው በእርግጠኝነት የሚናገረው ፎቶው ከየትኛው ዓመት በፊት ሊነሳ እንደማይችል ነው። የ1961 ሞዴል በ1985ም ፎቶ ሊነሳ ይችላል፤ እኛ አገር ደግሞ መኪና በቀላሉ አይጣልም። ስለዚህ መኪናው ወለሉን ይሰጣል፣ ጣሪያውን ከመንገዱ፣ ከጀርባው ጽሑፍና ከሽማግሌዎች መፈለግ ግድ ነው። ወለሉን ይዘው «ፎቶው የተነሳው በዚህ ዓመት ነው» ብለው የሚደመድሙ ብዙ ናቸው፤ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የመኪና ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ወሩም ለዚያ ሲባል ማርች፣ ኦገስት እየተባለ ተጽፏል። የኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ተብሎበታል።

ፎቶውን ለማየት ማዘጋጀት

ፎቶው ፍሬም ውስጥ ከሆነ ከማውጣትዎ በፊት በጎን በኩል ባትሪ አብርተው መስታወቱ ላይ መጣበቁን ይዩ። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት በሚስብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ላይኛው የጄላቲን ሽፋን ረጥቦ ሲደርቅ ከመስታወቱ ጋር አንድ ይሆናል። የተጣበቀው ቦታ ውሃ የነካው መስሎ ጠቆር ብሎ ይታያል። እንዲህ ከሆነ አይላጡት፤ ወረቀቱ በእጅዎ፣ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ስካን ይደረግ። ፕላስቲኩ እየተገለጠ ፎቶ የሚለጠፍበት አልበም ላይ ከሆነ ደግሞ የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ሥር ያስገቡና ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው እንደ መጋዝ በቀስታ ይሳቡት። ወደ ላይ አይጎትቱ፣ ፎቶው ይሰበራል።

አቧራውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ያራግፉ። እርጥብ ጨርቅ ጄላቲኑን ያነሳዋል፤ በአፍ «እፍ» ማለትም ምራቅ ይረጫል።

የስካን ልኩ እንደ ፎቶው መጠን ነው። የፖስት ካርድ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) ይበቃል። በጃንሆይ ዘመን አልበሞች ውስጥ የሚገኘው ትንሹ ፎቶ፣ 6 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ 1200 ይፈልጋል፤ 2835 በ4252 ፒክስል ይወጣዋል፣ የመብራትና የታርጋ ዝርዝር ለማየት ይበቃል። ኔጌቲቩ ካለ ከ2400 በታች አይውረዱ። ጥቁርና ነጭ ፎቶም ቢሆን በባለቀለም ይቃኝ፣ የቡና ጠብታንና የዝገት ነጠብጣብን ከምስሉ ለመለየት ይረዳል። የስካነሩን «አቧራ አጥፋ» እና «አጥራ» የሚሉ ምርጫዎች ይዝጉ፤ ኮፈን ላይ ያለችን ትንሽ አርማ አቧራ ናት ብሎ ይጠርጋታል።

ስካነር ከሌለ ስልክ ይሠራል። ፎቶውን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙ፤ ቀጥታ ፀሐይ አይምታው፣ ፍላሽ ይጥፋ። ስልኩን ከጠረጴዛው ትይዩ አድርገው በ2 እጥፍ ዙም ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያንሱ። ቀርበው ያለዙም ካነሱ ጠርዙ ይጎብጣል፣ ጎማው ሞላላ ይሆናል። ለዘመድ ሲልኩ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ዝርዝሩ ይሞታል። ምስል «የሚያድሱ» አፖችን ከዚህ ሥራ ያርቁ። የደበዘዘውን ቦታ ከራሳቸው ፈጥረው ነው የሚሞሉት፤ ያልነበረ መብራት፣ ያልነበረ የግሪል ዘንግ ይጨምሩና መላ ሥራውን ያበላሻሉ።

ጀርባውን ማንበብ

ጀርባው ላይ በእጅ የተጻፈ ዓመት ካለ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የኛ አቆጣጠር ነው፤ አንዳንዴም በግእዝ ቁጥር፣ ፲፱፻፶፭ ተብሎ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ወሩ ካልተጻፈ ሁለቱንም ይያዙ፤ «1957» ማለት ከሴፕቴምበር 1964 እስከ ሴፕቴምበር 1965 ነው። ይህን የረሳ ሰው የ1962 ሞዴል መኪና «1957» ከተባለ ፎቶ ጋር አይገጥምም ብሎ በከንቱ ይሟገታል።

ነጩ ጠርዝ ላይ በፈረንጅኛ ወርና ዓመት ታትሞ ከተገኘ ደግሞ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የሚያሳየውም ፊልሙ የታጠበበትን ጊዜ ነው። 36 ፎቶ የሚያነሳ ፊልም ከጥምቀት እስከ መስቀል ካሜራ ውስጥ መቆየቱ ብርቅ አልነበረም።

የእጅ ጽሑፉም መቼ እንደተጻፈ ያስቡበት። አልበሙ በኋላ ሲደራጅ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ለ20 ፎቶ የተጻፈ ዓመት የትዝታ ግምት ነው። እያንዳንዱ በተለያየ ቀለም የተጻፈ ከሆነ ይበልጥ ይታመናል።

ተገልብጦ የታተመ ፎቶ

ኔጌቲቭ በተቃራኒው ገጽ ከታተመ ግራው ቀኝ ይሆናል። መሪው በየት በኩል ነው፣ መኪናው መንገዱን በየት በኩል ይዟል ከማለትዎ በፊት ይህን ያጣሩ። ጽሑፍ ካለ ወዲያው ይታወቃል። ከሌለ የወንዶቹን ኮት ይዩ፤ የደረት ኪሱ በለባሹ ግራ በኩል ነው፣ የግራው ክፍልም በቀኙ ላይ ይደረባል። የእጅ ሰዓት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ብየዳና ብሎን

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በብሎን የታሰረ ነገር ይፈታል፣ ይቀየራል። የተበየደ ነገር ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረው ይቆያል።

ፓራውልት፣ የፊት መብራት፣ ስፖኪዮ፣ ቸርኬ፣ ኮፓ፣ አርማ፣ ኮፈን፤ ሁሉም በብሎን ናቸው። ቮልስ ላይ አራቱም ፓራፋንጎዎች (ጎማዎቹን ከላይ የሚሸፍኑት ብረቶች) ሳይቀሩ በብሎን ነው የሚታሰሩት። አንድ የ1959 ቮልስ ተጋጭቶ ጋራዥ ቢገባና የተገኘው ፓራፋንጎ የ1969 ቢሆን፣ ያው ይገጠምለታል፤ ፊቱ በ10 ዓመት ያንሳል። የመስታወት ክፍተት፣ የጣሪያ ቅርጽ፣ የበር ምሰሶ፣ የበሩ ማጠፊያ ያለበት ጎን ግን ብረት ተቆርጦ በብየዳ ካልሆነ አይነካም። ማስረጃዎቹ ሲጋጩ የተበየደውን ይመኑ።

መኪናውን ማየቱም በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ። መጀመሪያ መስታወቶቹንና ጣሪያውን፣ ቀጥሎ በሮቹን፣ ከዚያ የኋላውን ቅርጽ፣ ከዚያ መብራቶቹን፣ መጨረሻ አርማውን። ሰው ሁሉ ከአርማው ነው የሚጀምረው፤ ዓይን መጀመሪያ የሚፈልገውን ስላየ በኋላ ሌላው ሁሉ ከዚያ ጋር የሚስማማ ይመስለዋል።

ቮልስ

በቤተሰብ ፎቶ ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው፤ ዓመቱም እንደሱ በደንብ የሚለይ ስለሌለ ረጅም ጊዜ ቢሰጠው አያስቆጭም። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። ከሩቅ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ፋብሪካው ግን ለውጡን በብዛት የሚያስገባው በየኦገስቱ ነበር። የ1968 ሞዴል የሚባለው ከኦገስት 1967 ጀምሮ የተሠራው ነው፣ ይህን ልብ ይበሉ።

ከኋላ የተነሳ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። የኋላ መስታወቱ መሐል ላይ በብረት ለሁለት የተከፈለ ከሆነ መኪናው ከማርች 1953 በፊት የተሠራ ነው። አንድ ሞላላ፣ የተጋደመ እንቁላል የሚመስል ከሆነ ከማርች 1953 እስከ 1957 ክረምት። ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ ከኦገስት 1957 ወዲህ። ይህ የተበየደ ማስረጃ ነው፤ አይዋሽም። የኋላ መብራቱ በኦገስት 1961 አደገ፣ በኦገስት 1967 ቁመቱ ጨምሮ ላዩ ክብ ሆነ፣ በኦገስት 1972 ደግሞ ትልቅ ድቡልቡል ሆነ፤ ይህ ግን በብሎን ነው።

ከጎን ከሆነ በሩና የኋለኛው የጎን መስታወት መካከል ያለውን ምሰሶ በማጉያ ይዩ። እስከ 1960 የተሠሩት የአውሮፓ ቮልሶች እዚያ ላይ እንደ ክንድ ብድግ የሚል ፍሬቻ ነበራቸው፤ ተዘግቶ ሲታይ ቁመታዊ ቀጭን ስንጥቅ ነው። ፍሬቻው ቢሰበርና መብራት ቢገጠምለት እንኳ ስንጥቁ ይቀራል። ከኦገስት 1960 ወዲህ ፍሬቻው ወደ ፊት ፓራፋንጎ ጀርባ ላይ ወጣ። የበሩን ትንሿን ሦስት ማዕዘን መስታወትም ይዩ፤ ምሰሶዋ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከኦገስት 1964 በፊት፣ ዘንበል ካለ ከዚያ ወዲህ ነው። ከኋለኛው የጎን መስታወት በስተኋላ የጨረቃ ቅርጽ ያለው የአየር ማስወጫ ካለ የ1971 ሞዴል ወይም ከዚያ በኋላ ነው።

ከፊት ከሆነ ሥራው ይከብዳል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚነሳው ከፊት ነው። የፊት መብራቱ ወደ ኋላ ተንጋሎ በመስታወት የተሸፈነ ከሆነ ከኦገስት 1967 በፊት፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው፤ ግን መብራቱ ያለው በሚፈታው ፓራፋንጎ ላይ መሆኑን አይርሱ። ፓራውልት ብቻውን አይታመንም፤ 1200 የሚባለው ርካሹ ዓይነት የድሮውን ፓራውልት እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ይዞት ቆይቷል። ኮፈኑ ላይ፣ ከእጀታው በላይ፣ ጋሻ የመሰለች ትንሽ የከተማ አርማ ካለች ኮፈኑ ከ1951 እስከ 1962 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። የፊት መስታወቱ ወደ ውጭ በጣም የተቆለመመ ከሆነ ደግሞ 1303 የሚባለው ነውና ከኦገስት 1972 ወዲህ ነው።

ሊብሬው ቤት ውስጥ ከተገኘ ግምት አያስፈልግም። የሻንሲ ቁጥሩን ይዩ፤ ከኦገስት 1964 ጀምሮ የተሠሩት ባለ 9 አኃዝ ናቸው፣ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴል ዓመቱ መጨረሻ ነው። 115 ብሎ የሚጀምር የ1965፣ 118 የሚል የ1968 ነው። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ አኃዙ 10 ሆነ፣ ሦስተኛው ግን ያው ሥራውን ይሠራል።

የፊያት ቤተሰብ

ሴይቼንቶ (ፊያት 600) እና ቺንኮቼንቶ (ፊያት 500) በፎቶ ላይ ይምታታሉ፤ ሁለቱም ትንንሽ፣ ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ፣ ፊታቸው ላይም ግሪል የላቸውም። ከበሩ በስተኋላ ያለውን ይዩ። ሴይቼንቶ የኋላ ተሳፋሪ በደንብ የሚቀመጥበት ረዘም ያለ መስታወት አለው፤ ቺንኮቼንቶ አጭር ነው፣ ጣሪያውም ብዙ ጊዜ በሸራ የሚገለጥ ነው። ሴይቼንቶ በ1955፣ ቺንኮቼንቶ በ1957 ነው የወጣው።

ቀጥሎ በሩን ይዩ። ማጠፊያው ከኋላ ሆኖ በሩ ወደ ኋላ የሚከፈት ሴይቼንቶ ከ1964 በፊት የተሠራ ነው፤ ቺንኮቼንቶ ላይ ይህ ለውጥ የመጣው በ1965 ነው። በሩ ተዘግቶም ይታወቃል፤ እጀታው በሩ ፊት ጠርዝ አጠገብ ካለ ማጠፊያው ኋላ ነው። የሴይቼንቶ በር ላይ የምትከፈት ትንሽ ሦስት ማዕዘን መስታወት ካለች ከ1960 ወዲህ የመጣው «ዲ» ነው።

ከነዚህ የቀደመው ቶፖሊኖ ረዘም ያለ አፍንጫ አለው፣ ሞተሩ ከፊት ነው። የተሠራው ከ1936 እስከ 1955 ነው። መብራቶቹ ከኮፈኑና ከፓራፋንጎው መካከል ለብቻቸው ተተክለው እንደ እንቁራሪት ዓይን ከታዩ ከ1949 በፊት የነበረው፣ ፓራፋንጎው ውስጥ ከገቡ ከ1949 ወዲህ ያለው ነው። የጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ነው ተብሎ የሚነገርለት ፎቶ ላይ መብራቱ ፓራፋንጎ ውስጥ የገባ ቶፖሊኖ ከተገኘ ታሪኩ ይከለስ።

የጭነት መኪኖቹ ቀላል ናቸው። ትሬንታ ኳትሮ፣ በፋብሪካ ስሙ ፊያት 634፣ የቆመ ራዲያተርና ወደ ፊት የወጣ አፍንጫ ያለው የ1930ዎቹ መኪና ነው። ኤንትሬ የፊያት 682 ዘር ሆኖ አፍንጫ የለውም፣ ጋቢናው ሞተሩ ላይ ተቀምጧል፤ 682 ከ1952 በፊት አልነበረም። የሁለቱም መሪ በቀኝ በኩል ነው። የጣሊያን ከባድ መኪና አገሩ በቀኝ እየተነዳም መሪው ቀኝ ይሆን ስለነበር በመሪው ጎን ዘመን ለመቁጠር አይሞክሩ።

ላንድሮቨር፣ ጂፕ፣ ዋዝ

ላንድሮቨር መብራቶቹ መሐል ግሪሉ አጠገብ ከተሰበሰቡ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ ወደ ፓራፋንጎዎቹ ፊት ከወጡ ከ1968/69 ወዲህ ነው። ጎኑ ከላይ እስከ ታች ዝርግ ከሆነ የመጀመሪያው ትውልድ (1948–1958)፣ ከበሩ መስታወት በታች ትከሻው ጎበጥ ካለ ከ1958 ወዲህ። ግሪሉ የሽቦ መሆኑ ቀርቶ ፕላስቲክ ከሆነ ከ1971 ወዲህ። አጭሩና ረጅሙ በጎማ ይለካሉ፤ ከጎን በተነሳ ፎቶ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላው 3 የጎማ ቁመት ገደማ ወይም ያነሰ ከሆነ ባለ 88 ኢንቹ፣ ወደ 3 ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ባለ 109ኙ ነው።

ጂፕ ፊት ላይ ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ። 9 ከሆነ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር ጂፕ፣ 7 ከሆነ ከ1945 ወዲህ ለሲቪል የተሠራው ነው። ዋዝ 469 መመረት የጀመረው በ1972 መጨረሻ ስለሆነ በፎቶ ላይ ሲገኝ ዘመኑ ወደ ደርግ ያደላል። ከሱ በፊት የነበረው ጋዝ 69 ግን ከ1953 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። የጋዝ በርና ጎን ዝርግና ቀላል ነው፣ የዋዙ ሰፋ ያለና ጠርዙ የወፈረ።

ፔጆ፣ መርሴዲስ፣ ላዳ፣ ዲኤክስ

ፔጆ 403 (ከ1955) ጀርባው ድቡልቡል፤ 404 (ከ1960) ጀርባው ላይ ቆም ያሉ ትንንሽ ክንፎች አሉት፣ ቸርኬውም በ3 ብሎን ብቻ ይታሰራል፤ 504 (ከ1968) የፊት መብራቱ ትራፒዞይድ ነው።

መርሴዲስ ላይ ከኋላ ክንፍ ካለ ከ1959 እስከ 1968 ከተሠሩት ነው። ክንፍ የሌለውና ቅርጹ ክብ ክብ የሚለው ከሱ የቀደመው፣ ከ1953 ወዲህ የተሠራው ነው። የፊት መብራቱ ቁመታዊ ሆኖ አካሉ ቀጥ ያለ ከሆነ የ1968–1976ቱ፣ መብራቱ ከተጋደመ ከ1976 ወዲህ የመጣው 123 ነው።

ላዳና ፊያት 124 የሚለዩት በበር እጀታ ነው። የ124ቱ (ከ1966) ወደ ውጭ የወጣ ነው፣ የላዳው (2101፣ ከ1970) በሩ ውስጥ የሰመጠ። አርማው ከታየ ላዳ የመርከብ ምስል አለው። ፊቱ ላይ 4 ክብ መብራት ያለው ላዳ ከ1972 በፊት አልነበረም።

በኛ አገር ዲኤክስ የምንላት ኮሮላ፣ በፋብሪካው አጠራር ኬኢ 70፣ የወጣችው በ1979 ነው። ይህቺን ዓመት በቃል ይያዙ፤ ጀርባው ላይ «1968» ተብሎ የተጻፈበት ፎቶ ውስጥ ዲኤክስ ቆማ ከተገኘች 1968 ዓ.ም. ማለት 1975/76 ነውና ጽሑፉ የትዝታ ስህተት ነው፤ ወይም ደግሞ ጸሐፊው ሌላ ፎቶ እያሰበ ነበር።

ሰውን እንደ ሜትር

አንድ ሰው ከመኪናው አጠገብ፣ ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቁመቱ መለኪያ ይሆናል። 1.65 ሜትር ለሆነ ሰው የቮልስ ጣሪያ (1.50 ሜትር) አፉ አካባቢ፣ የሴይቼንቶ (1.40) አንገቱ ላይ፣ የቺንኮቼንቶ (1.32) ትከሻው ላይ ይደርሳል። ላንድሮቨር ግን ከራሱ በላይ ይሆናል። ሰውየው ከመኪናው ፊት ለፊት ከቆመ ልኩ አይሠራም፤ ለካሜራው የቀረበ ሰው መኪናውን ያሳንሰዋል። ፓራውልት ላይ ተቀምጠው ለተነሱትም አይሞክሩት።

ጣሪያውን መፈለግ

ወለሉ ከተገኘ በኋላ ፎቶው ከመቼ ወዲህ ሊሆን እንደማይችል ይፈለጋል። የመጀመሪያው ትልቅ ምልክት መንገዱ ነው። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. (ጁን 8 ቀን 1964) ነው። በፎቶው ላይ መኪኖች በሁለት አቅጣጫ እየሄዱ ግራቸውን ከያዙ ከዚያ ቀን በፊት ነው። ይህ የሚሠራው በሚንቀሳቀስ መኪናና በደንብ በተጠረገ የከተማ መንገድ ላይ ብቻ ነው። የቆመ መኪና ምንም አይናገርም። በጅማ መንገድ ወይም በጎጃም መንገድ በጠጠር ላይ የሚሄድ መኪና ደግሞ ጉድጓድ እየሸሸ መሐሉን ነበር የሚይዘው።

ሁለተኛው ከኋላ ያለው ነው። ከከተማ ዳር የመጣ ሰው ፎቶ መነሳት የሚወደው መሐል ከተማ ሲሄድ ነበርና የአፍሪካ አዳራሽ (1961)፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ (1965) ወይም የትግላችን ሐውልት (1984) ከጀርባ ከታየ ወለሉ ከፍ ይላል። መታየት ሲገባው ካልታየ ደግሞ ጣሪያ ያገኛሉ፤ ግን ካሜራው በእርግጥ ወደዚያ አቅጣጫ መዞሩን አረጋግጠው።

ተራራ ዘመን አይናገርም፣ ቦታ ግን ይናገራል። የወጨጫ፣ የፉሪ፣ የየረርና የእንጦጦ ጫፎች መስመር ዛሬም ያው ነው። ፎቶውን ይዘው ሰበታ ወይም አቃቂ አካባቢ ቆመው ጫፎቹን ሲያመሳስሉ መንገዱ የትኛው እንደነበር ይለያል። በባሕር ዛፍ ግን አይመሩ፤ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል።

ታርጋው ከተነበበ ይመዝገብ፤ ከሊብሬ ጋር ሲገናኝ መኪናው የማን እንደነበር ይናገራል። የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ቦሎ ካለም አጉልተው ይዩት፤ ዓመቱ ከተነበበ ከየትኛውም ሞዴል የበለጠ ቅርብ ማስረጃ ነው።

ሽማግሌዎችን መጠየቅ

«ይህ መኪና ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያወጣም፤ «ፊያት» የሚለው መልስ ለሁሉም ትንሽ መኪና ይሰጣል። ይልቅ «እትዬ፣ ይህ ፎቶ ሲነሳ ማንን አርግዘው ነበር?»፣ «ጋሼ፣ የዚያን ዕለት ማን ነበር የነዳው? ሞተሩን ያየው ከፊት ነው ከኋላ?»፣ «ከበሩ ሲገቡ በሩ ወደየት ነበር የሚከፈተው?» ይበሉ። ልደትና ሰርግ ዓመት ያወጣሉ፤ የበርና የሞተር ትዝታ ደግሞ ከስም ይልቅ ይታመናል።

የመኪናው ባለቤት ማን እንደነበር ግን ይጠይቁ። ብዙ ፎቶ ላይ ያለው መኪና የቤተሰቡ አይደለም፤ የአሠሪ፣ ለሰርግ የተከራየ፣ ወይም መንገድ ዳር ቆሞ የተገኘ ነው። ይህን ሳያጣሩ «አያታችን መርሴዲስ ነበራቸው» ተብሎ ታሪክ እንዳይጻፍ።

በስልክ ምስል ፍለጋ ሲጠቀሙ መኪናውን ብቻ ቆርጠው ያስገቡ፤ ፍለጋው ሰዎቹን አይያዝ፣ የቤተሰብ ፊትም ወደማያውቁት ቦታ አይሂድ። የሚመጣው መልስ በዓለም ላይ ታዋቂ ወደሆነው ሞዴል ያደላል። ስሙን እንደ ፍንጭ ይያዙና ከላይ ባሉት የተበየዱ ምልክቶች ያጣሩ።

በአንድ ፎቶ ላይ ሲሠራ

እንበልና 6 በ9 የሆነ፣ ጠርዙ የተቀረደደ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ነጠላ ያጣፋች ሴት ከአንድ ቮልስ ፊት በስተቀኝ ቆማለች፣ ኋላዋ ወጨጫ። ጀርባው ላይ «ጥር 1955» ይላል።

መጀመሪያ መገልበጡ ይጣራል፤ ታርጋው ላይ ያሉት አኃዞች ቀጥ ብለው ይነበባሉ፣ ደህና ነው። የኋላ መስታወቱ አይታይም። የጎኑ ምሰሶ ይታያል፤ በማጉያ ሲታይ ስንጥቅ የለውም። ስለዚህ ከኦገስት 1960 ወዲህ የተሠራ ነው፤ ይህ የተበየደ ማስረጃ ነው። ፓራፋንጎው ላይ ያለችው ፍሬቻም ከዚህ ጋር ትስማማለች። የበሩ ሦስት ማዕዘን መስታወት ምሰሶ ቀጥ ያለ ነው፤ ከኦገስት 1964 በፊት። ኮፈኑ ላይ ጋሻዋ አርማ አለች፤ ኮፈኑ ካልተቀየረ ከ1962 መጨረሻ በፊት። ጥር 1955 ዓ.ም. ማለት ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ 1963 ነው። ሁሉም ይስማማል፤ መኪናው በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር ማለት ነው።

አሁን ይህንኑ ፎቶ ምሰሶው ላይ ስንጥቅ እያለው ያስቡት። መኪናው ከ1960 በፊት ይሆናል፤ የጀርባው ዓመት ግን አይፈርስም። የ5 ዓመት መኪና በ1963 ፎቶ መነሳቱ ምን ይገርማል? በተቃራኒው የሦስት ማዕዘኑ መስታወት ምሰሶ ዘንበል ያለ ቢሆን ጀርባው ላይ ያለው ዓመት ይወድቃል።

ያገኙትን መመዝገብ

ፎቶው ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ቀለል አድርገው ይጻፉ። እስክሪብቶ በወረቀቱ አልፎ ፊት ለፊት ይታያል፤ ፕላስቲክ በለበሰ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ ከላዩ ያለውን ፎቶ ይበክላል። የሚጻፈው ወለሉ፣ ጣሪያውና ምክንያቱ ነው፤ «ቮልስ፤ ከኦገስት 1960 በኋላ (ምሰሶው ስንጥቅ የለውም)፤ ከ1962 መጨረሻ በፊት የተሠራ ይመስላል (አርማው)፤ ጥር 1955 የሚለው በእትዬ እጅ»። ምክንያቱ ካልተጻፈ ከ10 ዓመት በኋላ የሚያነበው የልጅ ልጅ እንደገና ከባዶ ይጀምራል። የስካኑን ፋይል ስም በዓመት ሳይሆን በአልበሙና በገጹ ቁጥር ይሰይሙ፤ ዓመቱ ሊከለስ ይችላል፣ ገጹ ግን አይቀየርም። የፎቶውን ጀርባም ስካን አድርገው ከፊቱ ጋር በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ።